ከኦፕሬሽን በፊት ያ ሁሉ የደም ምርመራ ለምን? የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሕመምተኛ ለምናስታምም



ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ማንም ሳይሾመው የሚይዘው አንድ ሥራ አለ፤ አስታማሚነት። አባት ሽንት አልወርድ ሲላቸው፣ አጎት የኩላሊት ጠጠር ሲያሠቃያቸው፣ «አንተ ተምረሃል፣ ወረቀቱን አንተ ያዝ»፣ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሐኪሙን አንቺ አናግሪ» ይባላል። ወረቀቱ ደግሞ ብዙ ነው። ኦፕሬሽን ከተወሰነ በኋላ የላብራቶሪ ማዘዣ ይመጣል፤ ሲቢሲ፣ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የስኳር፣ የደም መርጋት፣ የደም ዓይነት። አንዳንዱ እዚያው ሆስፒታል ይሠራል፣ አንዳንዱ ወደ ውጪ ላብራቶሪ ይላካል። ከገጠር የመጣ ቤተሰብ በዚህ መሀል ለአልጋ፣ ለምግብና ለትራንስፖርት ያወጣል።

ያኔ ሁለት ሐሳብ ይጋጫል። አንዱ «ይህ ሁሉ የግድ ነው ወይ? ገንዘቡ ለመድኃኒት ቢቀመጥ አይሻልም?» ይላል። ሌላው «ሰበብ ማድረስ አለብን፣ ያለው ምርመራ ሁሉ ይሠራ፤ አንዱን ትተን የሆነ ነገር ቢፈጠርስ?» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ለታማሚው አዝነው ነው።

እኔ የምህንድስና ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የማንንም ሐኪም ትእዛዝ ለመሻርም አልጻፍኩም። ጥያቄው ግን ግማሹ የሕክምና፣ ግማሹ የስሌት ነው። ዓለም ላይም ለብዙ ዓመታት የተጠና ነው። መልሱን ከወዲሁ በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ለሁሉም ሰው በጅምላ የሚታዘዝ የደም ምርመራ ጥቅሙ በጣም ትንሽ ነው። ለተወሰነ ሰውና ለተወሰነ ኦፕሬሽን ግን የማይታለፉ ምርመራዎች አሉ፤ በሽንት ቧንቧና በፕሮስቴት ሕክምና ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያሉት ጥቂት አይደሉም። አስታማሚ ማወቅ ያለበት ሁለቱን መለየት ነው።

1. «ከኖርማል ውጪ» ሲባል

የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የኖርማል ወሰን ተጽፎ ታያላችሁ። ይህ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ ጤነኛ የተባሉ ብዙ ሰዎች ይመረመራሉ፤ ከውጤታቸው መካከለኛው 95% ይያዛል፤ ከላይ 2.5%፣ ከታች 2.5% ይቆረጣል። ስለዚህ ከ100 ጤነኛ ሰዎች 5ቱ ገና ከመነሻው «ከኖርማል ውጪ» ናቸው። በሽታ ስላለባቸው ሳይሆን መስመሩ እዚያ ስለተሠመረ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎችን አደረገ እንበል። ሁሉም ኖርማል የመውጣታቸው ዕድል 0.95 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 0.36 አካባቢ። ይህ ማለት ምንም የሌለበት ሰው ቢያንስ አንድ «ችግር» ይዞ ከላብራቶሪ የመውጣት ዕድሉ 64% ገደማ ነው። ምርመራዎቹ 10 ከሆኑ 40% ነው። በተግባር ብዙ ምርመራዎች ስለሚያያዙ ቁጥሩ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ በብዛት ባስመረመርን ቁጥር የውሸት ደወል ይበዛል።

በእኛ ሰው ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር በብዙ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ላይ፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው። ወሰኑ ከአውሮፓውያን ልኬት የተወሰደ ከሆነ ግን ወረቀታቸው ላይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፍባቸዋል።

የውሸት ደወል ምን ያህል እንደሚያሳስት በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። በ1,000 ሰዎች መካከል 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 90%ቱን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 5%ቱን በስህተት «ታመዋል» ይላል። ከ10ሩ 9ኙ ይገኛሉ፤ ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 50 የሚጠጉት ይደወልባቸዋል። ወደ 59 ደወል፣ እውነተኛው 9 ብቻ! በሌላ በኩል ምርመራው የተደረገው ምልክት በታየባቸው፣ ግማሾቹ በእርግጥ በታመሙ 1,000 ሰዎች ላይ ቢሆን፣ 450 እውነተኛና 25 የውሸት ደወል ይኖራል። መሣሪያውና ቀዩ መስመር ያው ናቸው፤ የተለወጠው ማን እንደተመረመረ ነው። ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀውና የሚዳስሰው ለዚህ ነው፤ ጥያቄው ራሱ የምርመራውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

2. ጥናቶቹ ምን አገኙ?

እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ 2,000 የኦፕሬሽን ሕመምተኞች ፋይል ተመርምሮ ነበር። በልማድ ከታዘዙት ምርመራዎች 60% ያህሉ፣ ግልጽ ምክንያት ላለው ብቻ ይታዘዝ ቢባል ኖሮ ባልተሠሩ ነበር። ከእነዚህ መካከል በኦፕሬሽኑ አካሄድ ላይ ለውጥ ሊያመጣ የሚችል ነገር ያሳዩት 0.22% ብቻ ነበሩ፤ ከ1,000 ሁለት ገደማ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሌላ ጥናት የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ጥናቱ 19,557 የዓይን ሞራ ኦፕሬሽኖችን ያካተተ ነው። ለአንዱ ወገን የተለመደው ምርመራ ተደረገ፤ ለሌላው አልተደረገም። በኦፕሬሽኑ ጊዜና ከዚያ በኋላ የደረሰው የጤና ችግር በሁለቱም ወገን ከ1,000 ኦፕሬሽን 31.3 ሆነ። ምርመራው ያመጣው ልዩነት አልነበረም።

ለአስታማሚ ደግሞ እጅግ የሚጠቅም ሦስተኛ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የወጣ ነው። ኦፕሬሽን የሚሠራላቸው ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በፊት ተመርምረው ኖርማል የወጡ 3,096 ውጤቶች ተለይተው ከድጋሚው ምርመራ ጋር ተነጻጸሩ። መካከለኛው የጊዜ ርቀት ሁለት ወር ነበር። ሲደገሙ ለኦፕሬሽን ከሚፈቀደው ወሰን የወጡት 13 ብቻ ሆኑ፤ 0.4% ናቸው። ስለዚህ ያ የቆየ የላብራቶሪ ወረቀት ገንዘብ ነው፤ አትጣሉት።

የእንግሊዙ ብሔራዊ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያ አወጣ። መመሪያው ሁለት ነገር ያያይዛል፦ ኦፕሬሽኑ ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ ነው? ሰውየውስ ጤነኛ ነው፣ ቀላል ተጓዳኝ በሽታ አለበት ወይስ ከባድ? ጤነኛ ሰው ለቀላል ኦፕሬሽን በልማድ የሚታዘዝለት የደም ምርመራ የለም። ለመካከለኛም ቢሆን ጤነኛ ለሆነ ሰው ሲቢሲና የኩላሊት ምርመራ በልማድ አይታዘዝም። ከባድ ሲሆን ግን ሲቢሲ ለሁሉም ይደረጋል፤ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ደግሞ የኩላሊት ምርመራ ይጨመራል። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው የሦስት ወር አማካዩን የስኳር ምርመራ በልማድ አይታዘዝለትም፤ ያለበት ግን ባለፉት ሦስት ወራት ካልተመረመረ ይመረመራል።

3. ፕሮስቴት ግን እንደ ዓይን አይደለም

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው እንተወው!» ሊል ይችላል። አይቸኩል። የዓይን ሞራ ኦፕሬሽን ደም የማይፈስበት ነው፤ ዓይንም ከኩላሊት ጋር በቧንቧ አልተያያዘም። ከላይ የጠቀስነው የእንግሊዝ መመሪያ ፕሮስቴትን በሽንት ቧንቧ በኩል በመሣሪያ ገብቶ መፋቅን እንኳ ከከባዶቹ ኦፕሬሽኖች ተራ ነው የመደበው። ምክንያቶቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ኩላሊት። ያበጠ ፕሮስቴት የሽንት መውጫን ሲያጠብ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቧንቧ ታች ሲደፈን ግፊቱ ላይ እንደሚነሣ ሁሉ። ሽንት ከፊኛው አልፎ ኩላሊትን ይጫናል። ይህ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ነው የሚሄደው። አባታችን «ሽንት ቶሎ ቶሎ ይለኛል» ከማለት በቀር ምንም ላይናገሩ ይችላሉ። ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ለእሳቸው የልማድ ምርመራ አይደለም፤ ግልጽ ምክንያት አለው። ክሪያቲኒን በግልጽ ከፍ የሚለው የኩላሊት አቅም ወደ ግማሽ ከወረደ በኋላ መሆኑ፣ ጡንቻቸው በሳሳ አዛውንት ላይ ደግሞ ኩላሊታቸው ደክሞም ኖርማል ሊመስል መቻሉ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ይህም የልብን ምት ያዛባል። ለሽንት ኢንፌክሽን በብዛት የሚሰጠው ጄንታማይሲንም ኩላሊትን ስለሚጎዳ መጠኑ በዚሁ ውጤት ይወሰናል።

ሁለተኛ፣ ደም። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች ፕሮስቴት አሁንም በሆድ በኩል ተከፍቶ ይወጣል፤ ይህ ደም የሚፈስበት ሥራ ነው። የኩላሊት ጠጠር በጀርባ በኩል ተበስቶ ሲወጣም ተመሳሳይ ነው፤ 5,800 ያህል ሕመምተኞችን በያዘ የብዙ አገሮች መዝገብ ላይ ከ100 ሰው 5 ወይም 6ቱ ደም ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የደም ማነስ እንዳለ ማወቅ፣ የደም ዓይነት መለየትና ክሮስማች ማሠራት እዚህ ቦታ ትርፍ ወጪ አይባልም።

ሦስተኛ፣ ጨው። ይህ ለምህንድስና ተማሪ የሚጥም ነው። ፕሮስቴት በሽንት ቧንቧ በኩል ሲፋቅ ሥጋው የሚቆረጠው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሐኪሙ እንዲያይ ደግሞ ቦታው ያለማቋረጥ በፈሳሽ ይታጠባል። በቆየው ዓይነት መሣሪያ የጨው ውሃ መጠቀም አይቻልም፤ ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ኃይሉ ይበተናል። ስለዚህ እንደ ግላይሲን ያለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። ይህ ፈሳሽ በተከፈቱ የደም ሥሮች ገብቶ ደሙን ያቀጥነዋል፤ ሶዲየም ይወርዳል፤ ሰውየው ግራ ሊጋባ፣ ሲብስም ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። አዲሱ ባይፖላር የሚባለው መሣሪያ በጨው ውሃ ስለሚሠራ ይህን አደጋ በእጅጉ አስቀርቶታል። በቆየው መሣሪያ ለሚሠራላቸው ሰው ግን ከኦፕሬሽኑ በፊት የነበረው የሶዲየም ቁጥር ካልታወቀ የኋለኛውን ከምን ጋር እናነጻጽራለን?

አራተኛ፣ ዕድሜ። የፕሮስቴት ሕመምተኞች በአብዛኛው አዛውንቶች ናቸው። ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ከነመድኃኒቱ አብሮ ይመጣል። «ጤነኛ ሰው» የሚለው ምድብ እዚህ ጥቂት ሰው ነው የሚይዘው።

4. ከደም ይልቅ ሽንት

የሚገርመው ነገር፣ የሽንት ቧንቧን ውስጥ ለሚነካ ኦፕሬሽን ከብዙ የደም ምርመራዎች ይልቅ የሚበልጠው የሽንት ካልቸር ነው። የአውሮፓ ዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ፣ የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ለሚያቆስል ሥራ ሁሉ ሽንቱ አስቀድሞ እንዲመረመር፣ ባክቴሪያ ካለም ምልክት ባይኖር እንኳ እንዲታከም ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈሳሽ በግፊት በሚገባበትና ቁስል ባለበት ቦታ ባክቴሪያ ቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ከኦፕሬሽን በኋላ በድንገት የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ካልቸር ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ባክቴሪያው አድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መታየት አለበት። ስለዚህ ለኦፕሬሽኑ ዋዜማ የሚተው ምርመራ አይደለም።

መዘግየትም ራሱን የቻለ ጉዳት እንዳለው አስታውሱ። ካቴተር የገባለት ሰው በእያንዳንዱ ቀን ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የመግባት ዕድሉ ከ3 እስከ 7% ነው፤ አንድ ወር ሲሞላ ካቴተር ያለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ባክቴሪያ ይኖርበታል። አንድ የማያስፈልግ የጉበት ምርመራ ትንሽ ከፍ ብሎ ወጥቶ፣ ይደገም ተብሎ፣ ቀጠሮ ሁለት ሳምንት ሲገፋ፣ «ለጥንቃቄ» የተሠራው ምርመራ ሌላ አደጋ ወለደ ማለት ነው።

5. ደም ይረጋ እንደሆነ ማን ይንገረን?

የደም መርጋት ምርመራ ውጪ ከሚላኩት ውስጥ በብዛት ይገኛል። የእንግሊዝ የደም ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም ሰው በጅምላ እንዳይሠራ መክሯል፤ በምትኩ ሕመምተኛው በደንብ ይጠየቅ ይላል። ምርመራው ቀለል ያለ የመድማት በሽታን ሊስተው ይችላል፤ የሰው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ይናገራል።

እኛ ዘንድ አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ፦ ሲገረዙ ደም አልቆም ብሏቸው ነበር? ግርዛት ለብዙ ወንድ የሕይወቱ የመጀመሪያ ኦፕሬሽን ነው፤ የደም መርጋት ፈተናም ነው። ጥርስ ሲነቀሉስ? ሔሞፊሊያ የሚባለው በሽታ በእናት በኩል ወደ ወንድ ልጅ ስለሚተላለፍ የእናታቸው ወንድሞች ወይም የራሳቸው ወንድሞች እንዲህ ያለ ነገር ነበረባቸው? አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ምርመራው ሊያስፈልግ ይችላል፤ መልሱ ለሐኪሙ ይነገር።

6. አስታማሚው ምን ያድርግ?

በጥቅሉ ነገሩ ይህን ይመስላል። ለ22 ዓመት ጤነኛ ወንድማችን፣ በቆለጡ ዙሪያ ለቋጠረ ውሃ ለሚሠራ ኦፕሬሽን፣ በልማድ የሚታዘዘው ዝርዝር አብዛኛው ጥቅም የለውም። ጠጠር በሽንት ቧንቧ በኩል ለሚወጣለት ሰው የሽንት ካልቸርና የኩላሊት ምርመራ ዋናዎቹ ናቸው። ለ70 ዓመት አባት፣ ለፕሮስቴት፣ ሲቢሲ፣ ክሪያቲኒን፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ የደም ዓይነትና የሽንት ካልቸር እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው። ይህን በሐኪም ፊት ስታነሡ በሚከተለው መንገድ ቢሆን ይመረጣል፦

ሀ. የቆዩ ውጤቶችን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱና «ይህ ያገለግላል ወይ?» በሉ።

ለ. የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት ሳይቀር፣ ጽፋችሁ ስጡ።

ሐ. ገንዘብ ካጠረ አትደብቁ። ምርመራውን ዝም ብሎ ከመተው «ከእነዚህ ውስጥ ሳይሠራ ኦፕሬሽን የማይገባበት የትኛው ነው? የትኛው ሊቆይ ይችላል?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ዝም ብሎ የተተወው ክሪያቲኒን ሊሆን ይችላል።

መ. ስለ አንድ ምርመራ ካልገባችሁ «ውጤቱ ቢበላሽ ምን ይለወጣል?» በሉ። መልሱ «መድኃኒቱ ይቀየራል»፣ «ደም ይዘጋጃል»፣ «ኦፕሬሽኑ ይዘገያል» ከሆነ ምርመራው ቦታ አለው።

ሠ. ታማሚው ላይ አዲስ ነገር ከታየ፣ ትኩሳት፣ የሽንት መጠን መቀነስ፣ እግር ማበጥ፣ የቆየው ውጤት አይበቃም፤ ወዲያውኑ ይነገር።

«ሰበብ ማድረስ» ለሚለውም መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ሰበብ ወደሚፈለገው ነገር የሚያደርስ መንገድ ነው። ለአባታችን የሽንት ካልቸሩን በጊዜ ማሠራት ሰበብ ማድረስ ነው፤ የወረቀት ብዛት ግን ብቻውን ሰበብ አይሆንም።

በመጨረሻ አንድ የጋራ ጉዳይ። ክሮስማች የሚሠራው ደም ባንክ ውስጥ ደም ሲኖር ነው። የላብራቶሪው ወረቀት ተሟልቶ ደም ከሌለ ከባዱ ኦፕሬሽን ይተላለፋል። እኛ ግቢ ውስጥ ያለን ጤነኛ ወጣቶች የማንንም አባት ቀጠሮ ከመገፋት ማዳን እንችላለን። የደም ባንክ ቡድን ግቢ ሲመጣ ተሰልፈን እንጠብቅ።

አላህ ለታመሙ ወላጆቻችን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።